ባልዲ ቁጥር 4801

በእኛ ከተማ ሕፃን የሚወለደው በዓመት አራት ጊዜ ነው፤ በጥቅምት፣ በጥር፣ በሚያዝያና በሐምሌ፣ እያንዳንዱ ጊዜ ለአሥር ቀን። ከዚያ ውጭ የሚወለድ የለም ማለት አይደለም። ሲወለድ ግን ጎረቤት እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት አይጣደፍም። በሩ ላይ ይቆምና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቀለሙ እንዴት ነው?" ብሎ ይጠይቃል።

ምክንያቱ ውሃ ነው። ከተማችን ወደብ ትባላለች። ሐይቅ ዳር በነበረችበት ዘመን የወጣላት ስም ነው፤ ሐይቁ ሲሸሽ ስሙን ትቶልን ሄደ። ከመሬት በታች የቀረው ንጹህ ውሃ በሙሉ ለእርሻው ተፈቅዷል። እርሻው ስድስት የመስታወት ቤቶች አሉት። እኔ በምሠራበት በስድስተኛው ብቻ አራት ሺህ ስምንት መቶ ጥቁር ባልዲ ተደርድሯል፤ በየባልዲው አንድ የካናቢስ ተክል ቆሟል። ባልዲዎቹ ከሥር የተበሱ ናቸው። ተክሉ ማዳበሪያ የተበጠበጠበትን ውሃ ይጠጣል፣ የተረፈው በቀዳዳው ወደ ቦዩ ይወርዳል፣ ቦዩ ወደ ከተማው ታንከር ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ስሙ ሁለተኛ ውሃ ይሆናል። የምንጠጣው እሱን ነው። የአባይ ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል የሚስቅ ሰው ካለ ወደብ መጥቶ አንድ ብርጭቆ ይቅመስ።

ሁለተኛ ውሃ ጥቁር ልብስ ላይ ነጭ እድፍ ይተዋል፣ ምላስም ይነክሳል። ትልቅ ሰው ይለምደዋል። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን አይለምደውም፤ ማዳበሪያው ደሙ ውስጥ ገብቶ ትንፋሹን ይሰርቀዋል። መጀመሪያ ከንፈሩ፣ ቀጥሎ ጥፍሩ ሰማያዊ ይሆናል። በእኛ ከተማ "የእገሊት ልጅ ሰማያዊ ሆነ" ከተባለ ሴቶች ሥራቸውን አስቀምጠው ነጠላቸውን ያነሳሉ።

ከአጨዳ በፊት ግን አሥር የማጠቢያ ቀናት ነበሩ። በነዚያ ቀናት ማዳበሪያው ይቆምና እያንዳንዱ ባልዲ፣ ሥሩ ላይ የተከማቸው ጨው እስኪለቅ ድረስ፣ በንጹህ ውሃ ይታጠባል። ለምን ቢባል፣ በሩቅ አገር ሲጨስ ጉሮሮ እንዳይቧጭርና አመዱ ነጭ እንዲሆን ነው። እርሻው ውስጥ "መድኃኒቱ" በሉ ተብለናል፤ አመዱ ካልነጣ ተመላሽ የሚሆን መድኃኒት ግን እኔ ሰምቼ አላውቅም። አያቴ በዚሁ ተክል፣ ጓሮው ውስጥ ሁለት እግር ስለተገኘ፣ ሁለት ዓመት ታስሯል።

እኔ ትርንጎ እባላለሁ። የቤት ቁጥር ስድስት ዋና አጣቢ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ባልዲ አጥቤያለሁ። በመጀመሪያው ቀን ከባልዲው ሥር የሚወጣው ውሃ ቢጫ ነው። በአራተኛው ይጠራል። በስድስተኛው መለኪያው የገባውንና የወጣውን ውሃ እኩል ያነባል። እኔ መለኪያም አያስፈልገኝም፤ ጣቴን ነክሬ እቀምሰዋለሁ፣ ተሳስቼም አላውቅም። ከስድስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ወደ ከተማው የሚወርደው ንጹህ ነበር። ስለዚህ ኑሯችንን በሙሉ ወደነዚያ አምስት ቀናት ስንገፋ ኖረናል። ሠርግ በሰባተኛው ቀን ነው። ነጭ ልብስ የሚታጠበው በስምንተኛው ነው። አዲስ ሙሽሮች ቀን መቁጠሪያ መኝታ ቤታቸው ይሰቅላሉ፤ ቄሱም ሼኩም ሲመክሯቸው በጣታቸው ወር እየቆጠሩ ነው። በማጠቢያው ቀን ለተወለደ ልጅ ቤተሰቡ እስከሚቀጥለው ማጠቢያ ድረስ ለዘጠና ቀን የሚሆን ንጹህ ውሃ በጀሪካን ይቀዳል። ከዚያ ውጭ ለተወለደ ልጅ ግን አይቀዳም፤ ታንከሩ ለሁሉ አይበቃም።

ልጄ ኤፍራታ የዛሬ ሦስት ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ከቀኑ ሠላሳ ሁለት ቀን ቀድማ ወለደች። ጡቷ ወተት አልያዘም። በጎረቤት ጡት ስንት ቀን ተለምኖ ይኖራል? የዱቄት ወተት በሁለተኛ ውሃ በጠበጥን። እኔ ጠንቃቃ ነኝ ብዬ ውሃውን አፈላሁት፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ፣ ግማሹ እስኪተን ድረስ። እናቴ ውሃ ሲፈላ ይነጻል ብላ ነው ያሳደገችኝ፤ በእሷ ዘመን ለነበረው ውሃ እውነቷን ነው። ማዳበሪያ ግን አይተንም። እንፋሎቱ ሲሄድ ጨው ይቀራል። ይህን በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ፣ ባልዲው ጠርዝ ላይ ነጭ ሆኖ ሲደርቅ። እርሻው ውስጥ የማውቀውን ቤቴ ገብቼ ረሳሁት። ልጁ በአሥራ ዘጠነኛ ቀኑ ሞተ። አርባ ቀን ስላልሞላው ክርስትና አልተነሳም፤ ስምም አላወጣንለትም ነበር። ኤፍራታ በዚህ ነገር አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛውን ስታረግዝ ታዲያ ቀኑን በደንብ ቆጥራ ነበር። መውለጃዋ የሐምሌው ማጠቢያ ሰባተኛ ቀን ላይ ይውላል።

ማጠቢያው ሊጀመር ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰቡን። ያነጋገረን የቤት ስድስት ኃላፊ ኢንጂነር ሚልኪያስ ነው። የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፤ እናቱን አውቃታለሁ። አሁን የሚኖረው የታሸገ ውሃ በሚመጣበት የኃላፊዎች ግቢ ነው። ወረቀቱን እያየ ጥናት መጠናቀቁን ነገረን። አርባ አጫሾች ዓይናቸው ታስሮ የታጠበውንና ያልታጠበውን እንዲያጨሱ ተደርጓል። የለየ የለም። አመዱም ያው ነው።

"ስለዚህ ከዚህ አጨዳ ጀምሮ ማጠቢያ የለም" አለ። "በዓመት አርባ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ከብክነት እናድናለን።"

ማጨብጨብ እንደሚጠበቅብን ስለምናውቅ አጨበጨብን።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ንጹህ ውሃ ሐሺሽ ሥር ሲፈስ እያየሁ አንጀቴ ሲያር ኖሯል። ስንቱን ጊዜ ይህን ቧንቧ በመጥረቢያ ብዬዋለሁ በሐሳቤ። ያን ቀን ግን አሥሩን ቀን እንዳያስቀሩብን እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ያዋረዱን እስከዚህ ነው። የነጠቁንን ውሃ እጣቢ እንደ ጸጋ ቆጥረን፣ እሱንም አትንሱን ብለን እንድንለምን አደረጉን። ያውም ለሃያ ሁለት ዓመት ሲያሳጥቡኝ የኖሩት ለምንም ነገር እንዳልነበረ በአደባባይ እየነገሩኝ።

ኦቦ ጉዮ እጃቸውን አወጡ። ኦቦ ጉዮ የከተማው የውሃ አባት ናቸው። አባታቸውም አያታቸውም ወንዝ በነበረ ጊዜ የመስኖ ተራ ሲያካፍሉ የኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ እሳቸው ጀሪካን ያካፍላሉ።

"የዳነው ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?" አሉ።

"መሬት ውስጥ ይቆያል፣ ኦቦ። ለሚቀጥለው ተክል።"

"ለሰው ቢሰጥስ?"

ሚልኪያስ ወረቀቱን ገለበጠ። "ፈቃዱ ለተክል ነው። ከተመዘገበ ባልዲ ያላለፈ ውሃ ለሰው አይሰጥም ይላል፣ አንቀጽ ዘጠኝ።"

"ሰው ግን ከተክሉ በፊት ነው እዚህ የነበረው።"

"አውቃለሁ። አንቀጹ ላይ ግን እሱ የለም።"

ኦቦ ጉዮ "እሺ፣ አንቀጽ ዘጠኝ" ብለው ለራሳቸው ደገሙትና ተቀመጡ።

ስብሰባው ሲበተን ቢሮው ድረስ ተከትዬው ሄድኩ።

"ኢንጂነር፣ ኤፍራታ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትወልዳለች" አልኩት።

"እግዜር በሰላም ያገላግላት፣ እትዬ ትርንጎ።"

"አሜን። ከተገላገለች በኋላ ልጁን ምን እናጠጣው?"

ወንበሩን ወዲያና ወዲህ አሽከረከረ። የሚያፍር ሰው ነው፤ ይሄ ይሄ ነገሩ ነው ሰውን ግራ የሚያጋባው። "በእኔ እጅ ቢሆን ዛሬውኑ አሳጥብ ነበር። ቧንቧውን የሚዘጋው ከላይ ነው። ትዕዛዝ ሰሌዳዬ ላይ ሲመጣ እኔ የምጫነው 'ተቀበል' የምትለዋን ብቻ ነው" አለኝ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ስድስት የታሸገ ውሃ አውጥቶ በፌስታል ሰጠኝ። የራሱ ድርሻ ነው። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀበልኩት። ለሰረቀኝ ሰው እግዜር ይስጥልኝ ማለቴ ዛሬም ያናድደኛል።

ኤፍራታ ሐምሌ አሥራ ስድስት ቀን ሴት ልጅ ወለደች። ጡቷ እንደ በፊቱ ደረቅ ነው። ስድስቱ ጠርሙስ አምስት ቀን አቆየን። በስድስተኛው ቀን ሁለተኛ ውሃ ጀመርን። አላፈላሁትም። ጡጦውን ስሞላ እጄን ኤፍራታ ታየው ነበር። በስምንተኛው ቀን ጠዋት የሕፃኗ ከንፈር ቀለሙን ቀየረ።

ክሊኒክ ወሰድናት። ሲስተሯ አየቻትና ወረቀት ጽፋ ማኅተም መታችበት፦ ንጹህ ውሃ ይሰጣት ይላል።

"ከየት አምጥተን?" አለች ኤፍራታ።

"እኔ የሚያስፈልጋትን ነው የምጽፈው፣ እህቴ። እኔ ራሴ የምጠጣው ያንኑ ነው።"

ኤፍራታን ቤት አስቀምጬ ሕፃኗን በጋቢዬ ታቅፌ ወደ እርሻው ሄድኩ። ልጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ዘበኛው ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ፊቷን አየና ወደ ሌላ ሠራተኛ ዞሮ መታወቂያ ይጠይቅ ጀመር። ወረቀቱን ይዤ ቤት ስድስት ገባሁ። ሚልኪያስ ረድፉ ጫፍ ላይ ሰሌዳውን ይዞ ቆሟል። የጠዋቱ ምልከታ ሰዓት ነበር። ተመልካቹ የምንለው ከጣሪያው ሥር በሐዲድ የሚሄድ ዓይን ነው፤ በየባልዲው ላይ ቆም እያለ ቀለሙን፣ ሙቀቱንና አተነፋፈሱን ያይና ለኢንጂነሩ ሰሌዳ ትዕዛዝ ይልካል።

"ይኸው የሲስተር ወረቀት" አልኩት።

"እትዬ ትርንጎ፣ እዚህ ልጅ ይዘው እንዴት ገቡ?"

"ወረቀቱን አንብብ።"

"አነበብኩት። እውነት ነው፣ ንጹህ ውሃ ያስፈልጋታል። ግን የክሊኒክ ወረቀት እዚህ አይሠራም።"

ክንዴ ዝሎ ነበር። እሱን ይዤ መነጋገር ፈለግሁ፤ ልጅ ታቅፎ ሰው አይያዝም። ረድፉ ጫፍ ላይ ገና ያልተበሱ አዳዲስ ባልዲዎች ነበሩ። ጋቢዬን አጣጥፌ አንዱ ውስጥ አነጠፍኩና አስተኛኋት። ከዚያ ዞሬ ክንዱን ያዝኩት። ምን ምን እንዳልኩት ሁሉን አላስታውስም። እናቱን መጥራቴን አስታውሳለሁ።

እየተነጋገርን ተመልካቹ የመጨረሻውን ተክል አልፎ ባልዲው ላይ ደረሰ። ቆመ። ከሌሎቹ ላይ ከሚቆመው ረዘም አድርጎ ቆመ። የሚልኪያስ ሰሌዳ ጮኸ። አየውና ፊቱ ተለወጠ፤ እኔም አንገቴን አስግጌ አነበብኩት።

"ቁጥር የሌለው ባልዲ ተገኝቷል። ተክሉ ሕያው ነው። ቀለሙ ጤና የጎደለው ነው፤ የማዳበሪያ ጨው ጎድቶታል። ማዳበሪያ ይቁም። በቀን አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ይሰጥ። 4801 ተብሎ ይመዝገብ?" ከሥሩ ሁለት ቃል አለ፦ ተቀበል፣ ሰርዝ።

ሲስተሯ ያለችውን ነው ያለው፤ እንዲያውም ስንት ሊትር እንደሆነ ጨምሮ። በከተማው ውስጥ ለልጄ ልጅ ውሃ ይሰጣት ብሎ ያዘዘና ማዘዝ የሚችል ይህ ብቻ ነበር፤ እሱም ሐሺሽ መስላው ነው።

"ያንሷት" አለኝ ሚልኪያስ። "ስህተት ነው። ልሰርዘው ነው።"

"ምኑ ነው ስህተቱ?"

"ሰው ናት እኮ፣ እትዬ ትርንጎ።"

"ሰው መሆኗን አሁን ነው ያወቅኸው? ቅድም ስነግርህ ምን መስላህ ነበር?"

"ቢደርሱበት እኔ ነኝ የምጠየቀው።"

"አንተ ልጅ፣ ሲስተር አይታታለች። ይኸው ያንተም ዕቃ አይቷታል። ያላየሃት አንተ ብቻ ነህ። ናና እያት።"

መጣና ባልዲው ላይ አጎነበሰ። ሕፃኗ ዓይኗን ገልጣ ነበር። አላለቀሰችም፣ ለማልቀስ የሚበቃ ትንፋሽ አልነበራትም። እጇ ከጋቢው ወጥቷል፤ ጥፍሯም እንደ ከንፈሯ ሆኗል።

"ሰርዝና አሳየኝ" አልኩት። "ከሰረዝካት እዚሁ ትቻት እሄዳለሁ። አንተ ትቀብራታለህ።"

ጣቱ ሰሌዳው ላይ ሲንቀጠቀጥ ይታየኝ ነበር። ብዙ ቆየ። ከዚያ ተጫነ። ከላይ ያለው ቀጭን ቧንቧ ጠብ ማለት ሲጀምር ልጅቷን ከነጋቢዋ አነሳኋት፤ ውሃው ባዶው ባልዲ ውስጥ መውረድ ቀጠለ። አንድ ሊትር ሲሞላ ቆመ። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት።

በሩ ላይ ዘበኛው ይህን ግን አላሳልፍም አለ። ልጅ አላየሁም ማለት ይቻላል፤ ውሃ ግን ይመዘናል። ኦቦ ጉዮ ነገሩን ከኤፍራታ ሰምተው በዱላቸው ተደግፈው ውጭ ይጠብቁኝ ነበር።

"የኔ ልጅ፣ አንቀጽ ዘጠኝን ታውቀዋለህ?" አሉት። "ከተመዘገበ ባልዲ ያላለፈ ነው የሚለው። ባልዲው ውስጥ ምን እንዳለ አይልም። ቁጥሩን እይ።"

ዘበኛው በመዝገቡ ላይ ፈለገ። 4801 ከመጨረሻው ላይ ተጽፏል። በሩን ከፈተልን። በሦስተኛው ቀን ማታ ልጅቷ ቀላች፣ ቤቱን በለቅሶ አናጋችው፤ እኔና ኤፍራታ ተቃቅፈን ሳቅን። አዜብ አልናት።

ወሬ አይደበቅም፤ እኛም አልደበቅነውም። በዚያ የሐምሌ ወር አሥራ አንድ ሕፃናት ተወልደው ነበር። እናቶቻቸው አንድ በአንድ መጡ። መጀመሪያ የመጣችው ወንድ ልጇን ገና ሳይታመም ይዛው ነበር፤ አስተዋይ ሴት ናት፣ ቀድሜ ልድረስ ብላ ነው። ባልዲ ውስጥ አስተኛችው። ተመልካቹ አየውና "ጤናማ ነው፤ ማዳበሪያ ይሰጠው" አለ። ንጹህ ውሃ የሚታዘዘው ለተጎዳ ብቻ ነው። ወደ ቤቷ ወስዳ ከንፈሩ እስኪለወጥ መጠበቅ ነበረባት። እናት ቁጭ ብላ የልጇ ከንፈር እስኪጠቁር ስትጠብቅ አይቻለሁ፤ በየሰዓቱ ወደ ብርሃን እያወጣች ታየው ነበር። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ቁጥር አገኙ። ሁለቱ ሲጠበቁ አለፉ። ስለ ሁለቱ ማንም መጥቶ የጠየቀን የለም፤ አርባ ሚሊዮን ሊትር ስለመዳኑ ግን በሩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል።

በየቀኑ ከሥራ ስወጣ የአዜብን አንድ ሊትር ይዤ እወጣ ነበር። ለወተቷና ለጡጦዋ ማጠቢያ ልክ ነው፤ የሚተርፍ ጠብታ የለውም። ጥቅምት ላይ ሦስት ወር ሞላት። ትስቃለች፣ ጆሮዬን ይዛ ትጎትታለች። በዘጠናኛው ቀን የሚልኪያስ ሰሌዳ ጮኸ፦ "ባልዲ 4801 ለአጨዳ ደርሷል። ይታጨድ። ክብደቱ ይሞላ።"

"ቅጹን መሙላት አለብን" አለኝ። "ካልታጨደ እንደተሰረቀ ይቆጠራል፤ ያኔ መጥተው ሁሉንም ይቆጥራሉ። ዘጠኙም ይቀራሉ።"

አጣቢዋ እኔ ስለሆንኩ የምፈርመው እኔ ነኝ። ከአዜብ ቁጥር ፊት ለፊት "ታጨደ" ብዬ ጻፍኩ። ክብደት የሚለው ላይ ውሸት አልጽፍም ብዬ፣ ክሊኒክ ያስመዘንኳትን ጻፍኩ፦ አምስት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። ፊርማዬን ሳኖር እጄ የእኔ አልመስል አለኝ። ያኛው ሲሞት አንድ ወረቀት አልተጻፈለትም፤ ለዚህች በሕይወት እያለች ተጻፈላት። በማግስቱ ከኮከብ አገር የመጣ ይመስል ከዋናው ቢሮ መልእክት ደረሰ። ባልዲ 4801 ከቤቱ ሁሉ የበለጠ ምርት ሰጥቷል፣ ሠራተኞቹ ይመስገኑ ይላል።

ውሃው ግን በዚያው ቀን ቆመ። አዜብ ስድስት ወር እስኪሞላት ገና ዘጠና ቀን ይቀራታል። በአዲስ ቁጥር ለማስመዝገብ ይዣት ሄድኩ። ባልዲው ውስጥ እግሯን እያወራጨች ለተመልካቹ ሳቀችለት። ሰሌዳው "ጤናማ ነው፤ ማዳበሪያ ይሰጠው" አለ።

ሚልኪያስ ሰሌዳውን ወደ እኔ አዞረልኝ። ሁለታችንም የገባን አንድ ነገር ነው። እንዲሁ ብንተዋት ለዘጠና ቀን ሁለተኛ ውሃ ትጠጣለች፤ አትተርፍም። ሦስት ቀን ብቻ ብናጠጣትና ቀለሟ ሲለወጥ ብናመጣት ግን ዘጠናውን ቀን ንጹህ ታገኛለች።

ቤት ስገባ ኤፍራታ ሰምታ ጠበቀችኝ። ጡጦውን ከሁለተኛ ውሃው ጀሪካን አጠገብ አስቀምጣዋለች፣ ባዶውን። እኔ ተቀመጥኩና ጡጦውን አነሳሁ። ሌላ ማን ያደርገዋል? ኃጢአቱን አንዴ የተሸከምኩት እኔ ነኝ፣ አንድ ብጨምርበት ምን ይለወጣል ብዬ።

ኤፍራታ ከእጄ ወሰደችው።

"አንቺ አትሰጪያትም፣ እማ" አለች።

"ኤፍራታ፣ ተይ። አንቺ እናቷ ነሽ፣ አትችይውም።"

"ያኛውን ሳታውቂ ነው የሰጠሽው። ይችን ግን እያወቅን ነው የምንሰጣት። እያወቀ የሚሰጥ ሰው እናቷ ትሁን። አንቺን ከእንግዲህ በዚህ ነገር ማንም አይጠይቅሽም።"

ሦስት ዓመት የጠበቅሁትን ቃል በዚያ ሰዓት ሰማሁት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይቅርታ እንኳ በሰላም የማናገኝበት አገር አድርገውታል። ኤፍራታ ዱቄቱን ሰፈረች፣ ሁለተኛ ውሃውን ጨመረች፣ አወዛወዘችው። አዜብ ጡጦውን ስታይ እንደ ሁልጊዜው ሁለት እጇን ዘረጋች።

ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ጠዋት ወደ በሩ ብርሃን አወጣናትና አየናት። ያን ቀን ኤፍራታም አብራኝ መጣች፤ ዘበኛው ለሁለታችንም ዞረልን። ባልዲው ውስጥ ራሷ አስተኛቻት፣ ጋቢውን ከአገጯ ሥር አስተካከለችላት። ተመልካቹ መጣ፣ ላይዋ ላይ ቆመ፣ አለፈ። "ጤና የጎደለው" አለ ሰሌዳው። "ንጹህ ውሃ ይሰጥ።"

ሐምሌ ላይ እዚህ ስንቆም የሚልኪያስ ጣት ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን በአንድ እጁ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ስለ ምሳ ከሰው ጋር እያወራ ነበር። ንግግሩን ሳያቋርጥ በሌላኛው ተጫነ።